«ትወና ይሆንልኛል ወይ?» ላልሽኝ

ውድ ዓይናዲስ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉሮሮሽስ? ልጅሽ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እኔ ደህና ነኝ። ጎንደርም እንደተውሻት ናት፤ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ መብራቱ እንዳሻው ይሄዳል ይመጣል። የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። «እትዬ ሸዋዬ፣ እንደ እህት እውነቱን ንገሪኝ፤ ትወና ይሆንልኛል ወይ? አንቺ አይሆንልሽም ካልሽኝ ለዕንባቆም ደውዬ ከአዲሱ ፊልም እወጣለሁ፤ ዘፈኔን ይዤ አርፌ እቀመጣለሁ» ብለሻል።

ምነው ዓይኔ? ከዚህ ሁሉ ሰው መርጠሽ እኔን? ከእኔስ ንስሐ አባትሽን ብትጠይቂ ይሻልሽ ነበር። እሳቸው ቢያንስ ቦታሽን አይመኙም።

እኔ ግን እመኛለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገረውና ልገላገል። ባለፈው ሰሞን ዕንባቆም አራዳ ላይ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ፊት ለፊት አገኘኝና እጄን ይዞ አቆመኝ። አዘጋጅ ሲጨነቅ ታውቂዋለሽ፤ ኮፍያውን ያወልቃል ያደርጋል። «ሸዋዬ፣ ዓይናዲስ ልቧ እያመነታ ነው፤ እሷ ከቀረች ቦታው ያንቺ ነው፤ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ» አለኝ። ስክሪፕቱን አንቺም እኔም አንብበነዋል። ከወገራ የመጣች ሴት፣ የታመመ ባሏን አስተኝታ ሆስፒታል ደጅ የከረመች፣ ብዙ የማትናገር፣ ካሜራው ከፊቷ የማይነሳ። ዘፈን የለበት፣ ሰርግ የለበት። ለእንዲህ ያለ ቦታ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። በባህል አዳራሹ መድረክ ንግሥትም ሆኛለሁ፣ ለማኝም ሆኛለሁ። ፊልም ሲመጣ ግን እኔ በር ከፋች ነኝ። በር ይንኳኳል፣ እከፍታለሁ፣ «ማን ልበል?» እላለሁ፣ ዋናዋ ተዋናይት ትመጣለች፣ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ። እንግዲህ ይሄ ካለፈኝ ሌላ አይመጣም።

እና አንቺ ደግሞ ተነስተሽ «ፍረጂኝ» ትይኛለሽ። «አይሆንልሽም» ብዬ ብጽፍልሽ ታምኚኛለሽ፤ ሀገሩም ያምነኛል። ባሌን፣ ስማቸውን፣ አማከርኩት። ከሆስፒታል ተረኛ ውሎ ደክሞት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ልጅቷ ራሷ ፍረጂኝ አለችሽ፤ ፍረጂባታ! አንዲት ቃል እኮ ናት» አለኝ።

«እውነት ባይሆንስ?»

«ኧረ ተይ እባክሽ! ዘፋኝ መቼ ትወና ችላ ታውቃለች? ዘፋኝ ዘፋኝ ናት» ብሎ እራት ጠየቀ።

ለእሱ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን ወጡን ሳወጣ ሁለቴ ጨው ጨመርኩበት፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት እስካሁን አላውቀውም።

በድምፅ ያልመለስኩልሽ ፈርቼሽ ነው። አንቺ የሰው ድምፅ ስትሰሚ ከቃሉ ሥር ያለውን ትሰሚያለሽ። አንድ ጊዜ በስልክ «ደህና ነኝ» ብልሽ «እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ወርዷል» ብለሽ አስለቅሰሽኛል። ወረቀት ይሻለኛል። በመጀመሪያው ፊልም ልጅሽ ሆኖ የሠራው ባምላክ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፤ በእሱ እጅ እልክልሻለሁ። እሱንም ምሳ አብዪልኝ፤ ከስቷል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ክፉ ክፉውን ላስቀድም።

በመጀመሪያው ፊልም መጥፎ ነበርሽ። ፒያሳ ሲኒማ ቤት ሲታይ ሄጄ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሁሉም አንቺን ሊያይ የመጣ ነው። ልጅሽ ሞቶ በምታለቅሺበት ቦታ፣ ያ ሁሉ ነጭ ብርሃን ፊትሽ ላይ እየፈሰሰ፣ ከኋላ የራስሽ ዘፈን ሲለቀቅ፣ አንዱ ጎረምሳ «ይቺ ልጅ ሐዘን ላይ ናት ወይስ ክሊፕ ላይ?» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስንወጣ ደግሞ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ለሚስቱ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ሲላት ሰማሁ። ዞሬ ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልበለው? ባየው ነገር ልክ ነው፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ያንኑ ነው ያየሁት። ቲክቶኩን ስለማየው የቀለዱብሽንም ሁሉ አውቃለሁ፤ እሱን አልደግምብሽም።

ልምምዱ ላይስ እንዴት እንደነበርሽ ረሳሽው? ዕንባቆም «አሠልጥኚልኝ፤ ጎረቤቷንም ሆነሽ ትሠሪያለሽ» ብሎ አምጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ዶለሽ። (ጎረቤቷም ያው በር ከፋች ናት።) ሀገር የሚያብድላት ዘፋኝ ቤቴ ገባች ብዬ አንሶላ ሁሉ ቀይሬ ነበር። ከዚያ «ልጄ መጣህ?» የምትለዋን መስመር በይ አልኩሽ። መጀመሪያ በረጅሙ ተነፈስሽ፤ ያ የዘፋኝ ትንፋሽ፣ ከሆድ የሚሳበው። አገጭሽ ማይክ እንደሚፈልግ ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ «ልጄ መጣ-ህ-አ-አ?» በዜማ! «ዓይናዲስ፣ ልጅሽ ነው እንጂ አዝማች አይደለም» አልኩሽ። ሳቅሽና ደገምሽው፤ ያው ዜማ። «ውሃ ስጪኝ» የሚለውን እንኳ እያንጎራጎርሽ ነበር የምትይው። አንድ ቀን ትዕግስቴ አልቆ «ማንም አያይሽም እኮ! እዚህ ያለነው እኔና ድመቷ ብቻ ነን!» ብዬ ጮህኩብሽ።

አንቺም በገዛ ቤቴ ደንግጠሽ አየሽኝና «እትዬ፣ ማንም ካላየኝ ታዲያ ለማን ልሥራው?» አልሽኝ።

ያን ቀን ገባኝ። ሰው «ዘፋኝ ለምን መተወን ያቅታታል?» ሲለኝ ይህችን ንግግርሽን ነው የማስበው። ዘፋኝ መድረክ የምትወጣው እንድትወደድ ነው፤ አልወደዷትም ማለት አልዘፈነችም ማለት ነው። እኛ ግን አንዳንዴ ተመልካች እንዲጠላን እንሠራለን፣ አንዳንዴም ከነመኖራችን እንዲረሳን። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሰው አንቺን ሲያይ የራሱን ሰርግ ያስታውሳል፣ የመጀመሪያ ፍቅሩን ያስታውሳል፤ በዘፈንሽ ውስጥ የራሱን ዕድሜ ነው የሚያየው። ያን ሁሉ አራግፎ «ይቺ የደምቢያ ገበሬ ናት» ብሎ እንዲቀበልሽ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን ማንም ስለማያውቀኝ ይህ ችግር የለብኝም፤ የድሃ ሀብት በይው።

ይህንን ነገር ያኔ ቀረጻው ላይ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ሙሉሰው በደንብ አሳይተውናል። አሁንም ሳስበው ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው፤ አንቺ ትስቂ አትስቂ አላውቅም።

ከኮላ ድባ ወጣ ብላ ባለችው መንደር፣ መንገዱ ደህና በነበረበት ሰሞን ነው። ለለቅሶው ትዕይንት ድንኳን ተተከለ፤ የመንደሩ ሰው አጃቢ ሆኖ እንዲቀመጥ ተጠራ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ፤ ከሥሩ ግን የበዓል ቀሚሳቸውን ነው የለበሱት፤ ዓይናዲስ መጥታለች ተብሎ ማን ተራ ቀሚስ ይለብሳል! ያሳደሩን አያ ሙሉሰው ከመሐል ተቀምጠዋል። ዕንባቆም «ጀምሪ» ሲልሽ ሙሾውን አወጣሽው፦

«በሬው ተጠምዶልህ እርሻው ይጠብቃል፣
ምነው የኔ ልጅ ሰው ይህን ያህል ይርቃል?»

እንዴት ሸጋ አድርገሽ እንዳዜምሽው! ችግሩም እሱ ነበር። አያ ሙሉሰው ልባቸው አልቻለም፤ ብድግ ብለው ካሜራውን አቋርጠው መጡ፣ ከኪሳቸው ብር አወጡ፣ በምራቃቸው እርጥብ አደረጉና ግንባርሽ ላይ ለጠፉልሽ። አንቺም፣ ፈጣሪ ይይልሽ፣ ልጇ የሞተባት እናት ሆነሽ ሳለ ትከሻሽን ሰበቅ አድርገሽ፦

«አያ ሙሉሰው ኑር፣ ይባረክልኝ እጅህ፣
እግዜር ያቆይልህ ሚስትህን ከነልጅህ!»

እልልታው ቀለጠ! ሐዘንተኛ ሁሉ ነጠላውን እንደዘቀዘቀ እልል አለ። ሟቹ ባምላክ ከካሜራው ኋላ መሬት ላይ ተንከባለለ። ዕንባቆም ኮፍያውን ወርውሮ ረገጠው። አያ ሙሉሰውም ግራ ገብቷቸው «ምን አጠፋሁ? ሸጋ አድርጋ ዘፈነች፣ ሸለምኳት። ዘፋኝ ሳይሸለም ይቀራል እንዴ?» ይላሉ።

አንቺ ግን አልሳቅሽም። መኪናው ውስጥ ገብተሽ በሩን ዘጋሽ። ስገባ ብሩ ገና ግንባርሽ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ያነሳሁልሽ። «እትዬ፣ እኔ እኮ አይደለሁም። ግንባሬን ሲነኩኝ አፌ በራሱ ይከፈታል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የተሠራሁት፤ በቃ አልችልም» ብለሽ አለቀስሽ። አይዞሽ አልኩሽ እንጂ በልቤ እውነቷን ነው ብዬ ነበር። ዕንባቆምም የዚያኑ ቀን ማታ «ነገ መርዶውን እንቀርጻለን፤ እሱም ከተበላሸ እሷን አስወጥቼ አንቺን አስገባለሁ» ብሎኝ ነበር። ይህን እስከዛሬ አልነገርኩሽም። ለእኔ ደግሞ በሚቀጥለው ጠዋት እንድትወድቂ መመኘት ምንም አልከበደኝም።

እንግዲህ በፊልሙ መርዶው ከለቅሶው ይቀድማል፤ ቀረጻ ግን ቅደም ተከተል አያውቅምና ለማግስቱ የቀረው እሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ በማለዳ ወደ ግቢሽ ይመጣሉ፤ አንቺ ደጃፍ ተቀምጠሽ ምስር ትለቅሚያለሽ፤ አያ ሙሉሰው «እግዜር ያጥናሽ፤ ልጅሽ አርፏል» ይሉሻል፤ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ ደረትሽን ትመቻለሽ። ስክሪፕቱ ይኸው ነው። ፊታቸው ያማረ ስለሆነ መርዶ ነጋሪነቱን ለእሳቸው የሰጠው ዕንባቆም ነው። እኔ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ መስመሩን በአፌ እያልኩልሽ ነበር።

ካሜራው ተነሳ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ቆሙ። አያ ሙሉሰው አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ደግመው ከፈቱ። ምንም የለም! በኋላ ስንጠይቃቸው «ምነው ልጆቼ! ልጁ እዚያ ቆሞ ቆሎ ይቆረጥማል። ከቤቴ አድሮ፣ ከማዕዴ በልቶ፣ ዓይኔ እያየው ሞቷል ልበል? ሟርት አይደለም ወይ? አፌስ ይርገፍ!» አሉን። ሰው ሊገድሉ የተጠየቁ ያህል ነበር የከበዳቸው። ያን ሰዓት ግን ማን ያውቃል? ሰውዬው መስመሩን ረሳ ነው ያልነው። እኔ በቃ ተበላሸ ብዬ ከአጥሩ ለቀቅ ልል ነበር። ዕንባቆም «ቁረጥ» ሊል እጁን አነሳ፣ እጁ እዚያው ላይ ቀረ።

አንቺ ቀና ብለሽ አየሻቸው። ሽማግሌ በማለዳ ደጅሽ ላይ ተሰልፎ ሲቆም፣ ሰላምታውም ሲዘገይ፣ ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ ሰው በእኛ አገር የለም። አንቺም አወቅሽ። ማወቅሽን አየሁት፤ ጣትሽ ምስሩ ላይ ቆመ። ከዚያ የማንም ስክሪፕት ላይ የሌለ ነገር ጀመርሽ።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ደጅ ቆማችሁ?» አልሽ። ትንፋሽ አልሳብሽም፤ አገጭሽም ቀና አላለም። ተነስተሽ በርጩማ አመጣሽ። ሌላ አመጣሽ። «ተቀመጣ አያ፤ ላሟ ወለደች እኮ፣ ሰምተሃል? ጥጃዋ እንዴት ሸጋ መሰለችህ። ልጄ ሲመጣ ያውጣላት ብዬ ስም እንኳ አላወጣሁላትም። ቆዩ፣ ውሃ ላምጣ፣ እጃችሁን ታጠቡ፤ ጠላውም ደርሷል።» ወደ ቤት ትገቢያለሽ፣ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ፣ የተስተካከለውን በርጩማ ታስተካክያለሽ። አፋቸውን እንዲከፍቱ ቀዳዳ አትሰጪያቸውም። ካልተናገሩ ልጅሽ አልሞተማ!

አያ ሙሉሰው ከብዷቸው «ልጄ...» አሉ። ያ ቃል ከራሳቸው የመጣ ነው፤ ለአንቺ አዝነውልሽ ነው።

«ቆይ አያ። ቆይ። መጀመሪያ ቅመስ» አልሽ፤ ድምፅሽ እዚያ ቆሞ ለነበረ ሰው እንኳ በግድ ነው የተሰማው። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ምስርሽን መልቀም ቀጠልሽ። አልጮህሽም። ደረትሽን አልመታሽም። አንዲት ጠብታ እንባ እንኳ አላወጣሽም። ሽማግሌው ናቸው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው የተንሰቀሰቁት። ባምላክ ቆሎውን ጥሎ ነበር።

ሲያበቃ ወደ እኔ ሮጠሽ መጥተሽ «እትዬ፣ አበላሸሁት? መስመሬን ሳልል ቀረሁ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ ምን ላድርግ? ዝምታቸውን ተቀበልኳቸው» አልሽኝ። «ደህና ነው» ብዬሽ ከቤቱ ኋላ ሄጄ ብቻዬን አለቀስኩ። ቀንቼ ነው ዓይኔ። ስንት ዓመት መድረክ ላይ ስኖር እንደዚያ አድርጌ የሌላውን ሰው ዝምታ አልሰማሁም። እኔ ብሆን ኖሮ «አያ፣ መስመርዎ» ብዬ በዓይኔ እጠቅሳቸው ነበር።

ማታ ላይ አባትሽን አነሳሽልኝ። አይከል ውስጥ ማሲንቆ ይዘው ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት ሲዞሩ አንቺን በአጠገባቸው ያስከትሉሽ እንደነበር፣ ሰካራም ሁሉ «ተቀበል!» እያለ የሚወረውርላቸውን ግጥም ስድብም ቢሆን ተቀብለው እንደሚመልሱለት። «ሰው የሰጠሽን ሳትቀበዪ የራስሽን አትጀምሪ» ይሉሽ ነበር አልሽኝ። የአዝማሪ ልጅ እያሉ ትምህርት ቤት ሲሰድቡሽ የኖሩት በዚያው ነገር ነው። ከትልልቁ መድረክ፣ ከመብራቱና ከጭብጨባው በፊት አንቺ የምታውቂው ሥራ መስማት ነበር። በኋላ ነው ሰው ሁሉ አንቺን ብቻ መስማት የጀመረው።

ከዚያ የሆነውን ታውቂዋለሽ። የፊልሙ ባለ ገንዘብ ጥሬ ቀረጻውን አይቶ «ምስር የምትለቅም ዓይናዲስን ማን ከፍሎ ያያል?» አለ። ዕንባቆም ተከራከረ፣ ተሸነፈ። መርዶዋ ተቆርጣ ተቆርጣ የዓይን ጥቅሻ ያህል ቀረች፤ በላይዋ ላይ ዘፈንሽ ተጫነባት። በምትኩ በኋላ እንደገና የተቀረጸው፣ ያ ነጭ ብርሃን ያለበት ለቅሶ ገባ። ያ ፒያሳ ላይ የሳቀው አዳራሽ አንቺን አላየሽም። ያየንሽ እኛ፣ ያን ጠዋት እዚያ ግቢ የነበርን ጥቂት ሰዎች ነን። ከእኛም መካከል ሙያውን አውቃ ልትመሰክርልሽ የምትችለው፣ ቦታሽንም የምትፈልገው፣ ያው እኔው ነኝ። እንዴት ያለ ፍርድ ላይ ጣልሽኝ!

ዘፋኝ ሁሉ መተወን ይችላል አልልሽም። አብዛኞቹ አይችሉም፤ ተዋናይም ነኝ ከሚለው አብዛኛው አይችልም፣ እሱን ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለ አንቺ ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸውልሽ፦ ይሆንልሻል። ጻፍኩት እንግዲህ። ስማቸው ይህን ወረቀት ቢያይ «እብድ!» ይለኛል።

ግን ገና አልጨረስኩም፤ ቶሎ አትደሰቺ። ያን ጠዋት ያደረግሽውን ድጋሚ ታደርጊው እንደሆነ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። አንድ ጊዜ ለሁሉም ሰው ይመጣለታል። ሙያ የሚባለው ብርድ ሆኖ፣ ሆድሽ ባዶ ሆኖ፣ ዕንባቆም እየተሳደበ፣ ዳግመኛ ሲመጣልሽ ነው። እሱን በደብዳቤ ልመልስልሽ አልችልም።

ስለዚህ ትናንት ዕንባቆም ቢሮ ሄድኩ። «እኔ የሰው ትራፊ አልበላም» አልኩት። «ዓይናዲስ ስለቀረች ቦታው ለእኔ ከሚሆን፣ ጭራሽ ይቅርብኝ። ሁለታችንንም ፈትነን። አንድ ትዕይንት፣ ያቺው የሆስፒታሉ በር፣ ዘበኛው አላስገባም የሚላት። መጀመሪያ አንዳችን፣ ቀጥሎ ሌላችን። ባለ ገንዘቡ ከበር ውጭ ይቁም።»

ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። «ሸዋዬ፣ አብደሻል? ብታሸንፍሽስ?»

«ብታሸንፈኝ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ፤ ምን አገባህ?» አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እሺ አለ። ዘበኛውን እሱ ራሱ ይሆናል፤ ለክፋቱ ማንም አይበልጠውም።

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ በባህል አዳራሹ። ማደሪያሽ እኔ ቤት ነው፤ ሆቴል ገባሁ ብትይ እጣላሻለሁ። ስማቸውን አትፍሪው፣ ሲያይሽ ፎቶ አብሮሽ ለመነሳት የሚሽቀዳደመው እሱ ነው። ሜካፕ ሠሪሽን አታምጪ። ጓደኞችሽንም ተይ። ብቻሽን ነይ።

እኔ ከአሁን ጀምሬ እየተለማመድኩ ነው። በየጠዋቱ ሆስፒታሉ በር እሄድና ከአስታማሚዎቹ መካከል እቀመጣለሁ፤ ነጠላቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ ዘበኛው ሲመልሳቸው እግራቸው ወዴት እንደሚዞር አያለሁ። አንዲት ሴት አለች፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትነሳለች፣ ሲዘጋ ትቀመጣለች፤ ማንም አልጠራትም። እሷን ለራሴ ይዣታለሁ። አንቺ የራስሽን ፈልጊ።

ይሆንልሻል ማለቴን ሰምተሽ ደስ ብሎሽ ብቻ እንዳትቀሪ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ምን ያህል እንደከፈልኩ ታውቂያለሽ፤ በነፃ አልሰጥሽም። መጥተሽ ከፊቴ ቆመሽ እውነት አድርጊያት፣ ወይም እኔ ልውሰድብሽ። ከመጣሽ አልምርሽም፤ ካልመጣሽ ግን ይቅር አልልሽም።

ተፎካካሪሽ
ሸዋአየሁ
ጎንደር፣ አራዳ